ሥራዋ «የለም» ይላል

በ1910 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ የባለቤቴ ቅድመ አያት አንድ መስመር ይዛለች። ስሟ አለ፣ ዕድሜዋ አለ፣ ካገባች ስንት ዓመት እንደሆናት አለ። ሥራ በሚለው ዓምድ ሥር «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ከእሷ ዝቅ ብሎ በዚያው ቤት የሚኖሩ 9 ወንዶች ተደርድረዋል። ዘጠኙም ደባሎች፣ ዘጠኙም የብረት ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኞች። ለነሱም፣ ለባሏም፣ ለሦስት ልጆቿም የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ ከግቢ ውሃ እየቀዳች የምትሸከመው እሷ ነበረች። ሥራዋ ግን የለም።

ቅድመ አያት «እሷ» አትባልም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ አሜሪካ ባመጣት መርከብ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ያገኘኋት የ17 ዓመት ልጅ ሆና ነው። የ17 ዓመት ልጅ አንቱ ማለት አልሆነልኝም። ባሏንም እንዲሁ «እሱ» ልበለው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከፒትስበርግ ከፍ ብሎ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር ከተደረደሩት የብረት ከተሞች በአንዷ ያደገ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። አማቴ «ጻፊው፤ ስማችንን ግን አታንሺ» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ። ነገሩን የቀሰቀሱት ልጆቼ ናቸው። በእኔ በኩል እስከ ምንጅላት ይቆጥራሉ፤ እናቴ በስልክ አስጠንታቸዋለች። በአባታቸው በኩል ሲጠየቁ አያት ላይ ቀጥ ይላሉ። «ከዚያ በፊትስ?» ስል ባለቤቴ «ሀንጋሪዎች መሰሉኝ» አለ። አማቴ «የምን ሀንጋሪ፣ ስሎቫኮች ነን» አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ «ሩሲያውያን ነን» ብለው አረፉት። በአንድ ገበታ ላይ ሦስት አገር።

ፍለጋው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ የባከነው በእኔ ስህተት ነው። ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ጋር የተጋባችሁ ካላችሁ ስህተቴን እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸውላችሁ። ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ አማቴን ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸውና «ስለ አያትዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ምን የሚነገር አለ? ሠራች፣ ሞተች» ብለው ቲቪ ከፈቱ።

ከወር በኋላ አብረን ፒሮሂ ስንሠራ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ፒሮሂ ማለት ሊጡ ተዳምጦ፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እየተደረገ ተቆርጦ፣ ድንች ወይም ጥቅል ጎመን መሀሉ ገብቶ የሚታጠፍና የሚቀቀል ምግብ ነው። ጠርዙን በጣት ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጎ መግጠም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውሃው ውስጥ ይፈነዳል። የእኔ ይፈነዳል። አማቴ እየሳቁ «ባባ ብታይሽ ኖሮ በማንኪያ እጅሽን ነበር የምትልሽ» አሉ። ባባ በነሱ ቋንቋ ሴት አያት ናት። ዱቄት የነካው እጅ ቲቪ አይከፍትም። በሁለት ሰዓት ውስጥ በሁለት ዓመት የማላገኘውን ነገሩኝ። ደባሎቹ በፈረቃ ይተኙ ነበር። የቀኑ ተነስቶ ሲወጣ የሌሊቱ ይገባበታል፤ አንሶላው ሳይቀዘቅዝ። ሁሉም የየራሱን ሥጋ ያስገዛል፤ ባባ ድስት ውስጥ እንዳይቀላቀልባት በየሥጋው ላይ የተለያየ የጨርቅ ቅዳጅ ታስር ነበር። ቀዩ የእገሌ፣ ባለ መስመሩ የእገሌ። ሥጋው ተሳስቶ የደረሰው ሰው ቤቱን በጠብ ያምሰዋል።

ስለዚህ «ስለ ድሮ ንገሩኝ» አትበሉ። ማን የት ይተኛ ነበር፣ ውሃው ከየት ይመጣ ነበር፣ እሁድ ምን ይበላል በሉ። እጃቸው ሥራ ይዞ እያለ ጠይቁ።

ከፒሮሂው በኋላ አማቴ ከቁም ሳጥን አናት ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ። ያ መርፌና ክር የሚቀመጥበት፣ ስንቱ ልጅ ብስኩት መስሎት የተሸወደበት ቆርቆሮ። ውስጡ አንድ የሠርግ ፎቶ፣ ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ናስ፣ የመዋጮ ደብተር፣ የዜግነት ወረቀት፣ እና በተለያየ ሰው እጅ የተጻፈ የስም ዝርዝር ነበር። ናሱ የፋብሪካ መለያ ነው፤ ሠራተኛው በር ላይ የሚታወቀው በቁጥሩ ነበር። የስም ዝርዝሩን ያኔ ልብ አላልኩትም። ሁሉንም ፊትና ጀርባውን ፎቶ አነሳሁ። ጀርባውን አትርሱ። የሠርጉ ፎቶ ጀርባ ላይ የፒትስበርግ ፎቶ ቤት ማህተም ነበር። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን አያቶቻቸው ከአገር ቤት ተጋብተው የመጡ ይመስላቸው ነበር። ለካ የተገናኙት እዚሁ ነው።

የመዋጮ ደብተሩን ስከፍት ሳቄ መጣ። እድር ነው! ወር በወር የተከፈለ፣ የተፈረመበት እድር። እነዚህ ሰዎች በየቤተ ክርስቲያናቸውና በየቋንቋቸው እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሯቸው። የግሪክ ካቶሊክ (በምሥራቁ ሥርዓት የሚቀድሱ፣ ግን ለሮም የሚታዘዙ ክርስቲያኖች) ኅብረት በ1892 ዊልክስ ባሬ በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ ተመሠረተ። የስሎቫኮቹ ብሔራዊ ማኅበር ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ፒትስበርግ ላይ። ምክንያታቸውም እንደኛው ሞት ነው። ፔንሲልቬንያ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የካሳ ሕግ ያወጣችው በ1915 ነው። ከዚያ በፊት ባል የቀለጠ ብረት ፈስሶበት ቢሞት ሚስት ተስፋ የምታደርገው የእድሩን ገንዘብ ነበር። ለፈላጊ ደግሞ የእድር መዝገብ ወርቅ ነው። አባል ሲመዘገብ የተወለደበት መንደርና ወራሹ ይጻፋል። አንዳንዶቹ ማኅበራት ዛሬም እንደ ኢንሹራንስ ድርጅት ስለሚሠሩ በደብተሩ ላይ ያለውን የቅርንጫፍ ቁጥር ጠቅሳችሁ ብትጽፉላቸው ይመልሳሉ። ለእኔ የመንደሩን ስም መጀመሪያ የሰጠኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ አገሮች። ቤተሰቡ የመጣው ያኔ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ከነበረው ከሻሮሽ አውራጃ ነው። ከ1918 በኋላ ቼኮዝሎቫኪያ ሆነ፤ ከ1993 ወዲህ ስሎቫኪያ ነው። ሰዎቹ ግን ሀንጋሪም ስሎቫክም አይደሉም። ሩሲን የሚባሉ፣ በካርፓቲያን ተራሮች የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ቅዳሴያቸው የምሥራቁ ሥርዓት ስለሆነ ብዙ ሰው ሩሲያውያን ይላቸዋል። የፒትስበርጉ ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ከነሱ ወገን ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ በአንዱ ቆጠራ ሀንጋሪ፣ በሌላው ቼኮዝሎቫኪያ ተብሎ ይገኛል። የቦታ ስምም ይለወጣል። ፕሬሾቭ የምትባለዋን ከተማ በድሮው መዝገብ የምታገኟት ኤፐርዬሽ ተብላ ነው። ናዝሬት እያለ የሚፈልግ ሰው አዳማን እንደሚያልፋት ማለት ነው።

የሰው ስም ከዚህ ይብሳል። ቅድመ አያቱ ጊዮርጊስ ነው። በሀንጋሪኛ መዝገብ ጂዮርጅ፣ በስሎቫክኛ ዩራይ፣ ፋብሪካው በር ላይ ጆርጅ። የቤተሰብ ስሙን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቼዋለሁ። «ኤስ» የሚባለው የላቲን ፊደል በሀንጋሪኛ «ሽ» ተብሎ ነው የሚነበበው። «ዜድ» ሲከተለው ብቻ «ስ» ይሆናል። ይህን ሳላውቅ ስንት ማታ አቃጠልኩ። መላው ፊደሉን ትቶ ድምፁን መከተል ነው። ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ከዚያ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ሰምቶት ምን ብሎ እንደሚጽፍ አስቡ።

በነገራችን ላይ «ኤሊስ ደሴት ላይ ስማችንን ቀየሩት» የሚባለውን አትመኑ። ኤሊስ ደሴት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ስደተኛ የሚፈተሽበት ጣቢያ ነበር። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር የሚሞላው መርከቡ ከሚነሳበት ወደብ ነው፤ ከብሬመን ወይም ከሀምቡርግ። ኤሊስ ደሴት ያለው ተቆጣጣሪ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ነበር የሚጠይቀው። ስም የሚቀየረው በኋላ ነው። ደመወዝ ከፋዩ መጥራት ሲያቅተው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ዜግነት ሲወሰድ። እኛን ያየ! አባቴ በሕይወት ሳለ «ሚስተር» ተብሎ በአያቴ ስም ሲጠራ ዞር ብሎ አያቴን ይፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ ደግሞ የሌላ ሰው ቅድመ አያት ማሳደዴ ነው። ሦስት ወር! ስሙ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ከተማው ጎረቤት። ለልጆቼ ሳይቀር አስተዋውቄያቸው ነበር። በ1920ው ቆጠራ ላይ ሚስቱ ሌላ ሴት ሆና ስትገኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ በኋላ ብልሃት ተማርኩ። ሰውየውን ለብቻው አትከተሉ። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ደባሎቹን ተከተሉ። ከዘጠኙ ደባሎች ሁለቱ የሚስቱ ወንድሞች ሆነው ተገኙ፤ የእሷን መንደር ያገኘሁት በነሱ በኩል ነው።

ጊዮርጊስ አሜሪካ የገባው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በ1899፣ ነጠላ ሆኖ። በ1907 የገንዘብ ቀውስ መጥቶ ፋብሪካዎች ሲቀዘቅዙ ብዙ ስደተኛ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። እሱም ሚስቱን ከልጆቹና ከደባሎቹ ጋር ትቶ ሄደና በ1909 ተመለሰ። የ1899ኙ ዝርዝር ብዙም አይናገርም። የ1909ኙ ግን ቅጹ ሰፍቶ ነበርና የእናቱን ስም፣ መንደሩን፣ ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለም ይዟል። አንድ ጊዜ ካገኛችሁ በኋላ «በቃ» አትበሉ። ተመላልሶ ሊሆን ይችላልና ደግማችሁ ፈልጉ።

ዓይኔን ያስለቀሰኝ ግን የጦር ምዝገባ ካርዱ ነው። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ወንዶችን ሁሉ መዘገበች፤ ዜጋ ያልሆነውንም ጭምር። በሴፕቴምበር 12 ቀን 1918 የተመዘገቡት ከ18 እስከ 45 ዓመት ያሉት ናቸው። ካርዱ ጀርባ ላይ «እጅ፣ እግር፣ ዓይን አጥቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ለሱ «የግራ እጅ ሁለት ጣት» ተብሎ ተሞልቷል። ለአማቴ ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ የሠርጉን ፎቶ አውጥተው አዩት። በሠርጉ ቀን አሥሩም ጣቶች አሉ። በቆርቆሮው ውስጥ ከሌላ ፎቶ ጋር አስተያዩት፤ ሽማግሌ ሆኖ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ የተነሳው። «ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ጣቶቹ መቼና እንዴት እንደሄዱ የሚል ወረቀት የለም። ሥራው ምን ዓይነት እንደነበር ግን ይታወቃል። በአካባቢው ተራ የጉልበት ሠራተኛ በዚያ ዘመን የሚያገኘው በሰዓት 16 ሳንቲም ተኩል ገደማ ነው። 12 ሰዓት ሠርቶ ሁለት ዶላር አይሞላም። በየሁለት ሳምንቱ ፈረቃ ሲቀያየር አንዱ ወገን 24 ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሠራል። በዚያው ወንዝ ዳር ባለችው የብረት ከተማ በሆምስቴድ በ1892 የባለሙያዎቹ የሠራተኛ ማኅበር ከተሸነፈ ወዲህ በዚያ ሸለቆ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር ለዓመታት ጥርስ አልነበረውም። በሴፕቴምበር 1919 ወደ 350,000 የሚጠጉ የብረት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በጃንዋሪ 1920 ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። 12 ሰዓቱ የቀረው በ1923 ነው። ጊዮርጊስ በ1919 ከአድማው ጋር ወጥቶ ነበር ወይስ ገብቶ ሠርቷል? አማቴን ስጠይቅ ሊጡን ጠረጴዛው ላይ መታ አደረጉና «እሱን ተይው» አሉ። ተውኩት።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ ላይ የልደት ቀኑ ሜይ 5 ይላል። የጥምቀት መዝገቡ ኤፕሪል 23 ነው የሚለው። ባለቤቴ «ሌላ ሰው ነው፣ ደግሞ ተሳሳትሽ» አለኝ። አልተሳሳትኩም። እኔ በሁለት ካላንደር ያደግሁ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው የምትጠቀመው የድሮውን የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 12 ቀን ነው። ቁጠሩት፤ ይገጥማል። ኤፕሪል 23 በነሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነውና ስሙም ከዚያ መጣ። እኛም ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ ቀኖቹ አንድ ባይሆኑም ቁጥሩ ሲገጥም ደስ አለኝ። አማቴ ልጅ እያሉ ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነበር፤ የኛው ታኅሣሥ 29። በዋዜማው ሥጋም ወተትም አይበላም፣ ገበታ ጨርቁ ሥር ጭድ ይነጠፋል። አሁን ወደ ዲሴምበር 25 ዞረዋል። እኔ ቤት ሲመጡ ግን «እዚህ ነው ትክክለኛው ገና» ይላሉ።

የት ይፈለጋል ለምትሉ፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነፃ ነው። አካውንት ብቻ ክፈቱ። የሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ የነበሩ መንደሮች የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችና የ1869 ቆጠራ እዚያ ላይ አሉ። የኤሊስ ደሴት ዝርዝሮችንም በነፃ ማየት ይቻላል። ቆጠራ ከ72 ዓመት በኋላ ይከፈታል፤ የመጨረሻው የ1950ው ነው፣ በ2022 ተከፍቷል። የ1890ውን በከንቱ አትፈልጉ፤ በ1921 እሳት አብዛኛው ጠፍቷል። የፔንሲልቬንያ የሞት ምስክር ወረቀት ከ1906 ይጀምራል፤ ሰው በሞተ በ50 ዓመቱ ለሕዝብ ይፈቀዳል። ክፍያ ያለባቸውን ድረ ገጾች ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን ላይብረሪ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በነፃ ያስከፍቷችኋል። ሳንቦርን የሚባሉት የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎች ደግሞ ቤቱ ከእንጨት ይሁን ከጡብ፣ ስንት ፎቅ እንደነበር ሳይቀር ያሳያሉ። አድራሻውን ይዘን ስንሄድ ያገኘነው ሣር ብቻ ነው። ቤቱን ያየሁት በካርታው ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ እንጨት፣ ከሀዲዱ አጠገብ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆየና በሆምስቴድ በኩል እንለፍ አለኝ። እዚያ ፋብሪካው በ1986 ተዘግቶ ቦታው የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ 12 የጡብ ጭስ ማውጫዎች ብቻ በሰልፍ ቀርተዋል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጠን አይስክሬም በላን።

የሴቶች ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እስከ 1922 ድረስ ባል ዜጋ ሲሆን ሚስትም አብራ ዜጋ ትሆን ስለነበር የራሷ ማመልከቻ የላትም። የጦር ካርድ የላትም። የፋብሪካ ናስ የላትም። እኛስ ሰባት ቤት ስንቆጥር አባት በአባት አይደል የምንቆጥረው? እናቴ ለልጆቼ ካስጠናቻቸው ስሞች ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። ይህ የገባኝ ፔንሲልቬንያ ሆኜ ነው።

እና ያንን የ1910 መስመር ደግሜ ከፈትኩት። «የለም» ላይ ዓይኔ ተተክሎ ያላየኋቸው ሁለት ትንንሽ ዓምዶች ነበሩ። በ1900ና በ1910 ቆጠራ ያገቡ ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይጠየቁ ነበር። የእሷ አንዱ ዓምድ 5 ይላል፤ ቀጥሎ ያለው 3።

አማቴ «ተሳስተው ነው» አሉ። የአባታቸውን ታላላቆች በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ናቸው። አባታቸው ራሳቸው የተወለዱት በ1914 ነው። ስለ ሌላ ልጅ በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

አንደኛዋን በሞት ምስክር ወረቀት አገኘኋት። ኦገስት 1907፣ የስምንት ወር ሕፃን፣ ተቅማጥ። ያኔ በበጋ እንዲህ የሚሞት ሕፃን ብዙ ነበር። ሁለተኛው የሞተው ከ1906 በፊት ነውና ወረቀት የለውም። የቤተ ክርስቲያኑን ጸሐፊ ለምኜ የድሮውን የቀብር መዝገብ አሳዩኝ። አንድ መስመር፤ ስም፣ ቀን፣ ሦስት ቀን የኖረ። ገጹን በስልክ አንስቼ ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ።

ስልኩን አይተው ምንም ሳይሉ ተነሱ። ቆርቆሮውን አወረዱና ያንን ልብ ያላልኩትን የስም ዝርዝር አወጡ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የሙታን ቅዳሜ ቄሱ የየቤተሰቡን ሙታን ስም የሚያነቡበት ወረቀት ነው። የላይኛው እጅ ጽሑፍ የአባታቸው፣ ከሥሩ ያለው የእናታቸው፣ የታችኛው የራሳቸው። ከታች ባዶ ቦታ ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን በየተራቸው፣ ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው መሀል ካልገቡ አሉ። መሀል ቦታ የለም። በቢክ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ ላይ፣ ወደ ጎን ጻፏቸው።

በዚያ ዓመት አብሬያቸው ሄድኩ። ቄሱ ዝርዝሩን እያነበቡ እዚያ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙረው አነበቡና ወደ ቦታው መልሰው ቀጠሉ።